የአውቶሞቢል ማንሻ ክሪክ አመራረጥና አያያዝ፦ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

በንግድ ከሚለዋወጡት ዕቃዎች የአንዳንዶቹ ጉድለት የሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብ ብቻ የሚታሰብ ነው። ጨርቅ ቀለሙን ቢለቅ ወይም ሰዓት መቁጠሩን ቢያቆም ደንበኛው ያዝናል፤ ምናልባትም ገንዘቡን መልሶ ይጠይቃል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሌሎች ዕቃዎች ግን ጉድለታቸው በሰው አካልና በሰው ሕይወት የሚከፈል ነው። የአውቶሞቢል ማንሻ ክሪክ ከነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ስለ ሆነ፣ የሚያስመጣውም የሚሸጠውም ነጋዴ ስለ ዕቃው ጠባይ በቂ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

የክሪክ ገዢ ጋራዥ ብቻ አይደለም። ጎማውን በራሱ የሚለውጥ፣ የፍሬኑን ሸራ የሚያይ፣ ዘይቱን በግቢው ውስጥ የሚቀይር ባለመኪና ቁጥሩ ብዙ ነው። ሾፌር የሆነ ሰው ደግሞ መኪናው እንጀራው ስለ ሆነች፣ ትንሹን ብልሽት ሁሉ ጋራዥ ወስዶ ቀኑን ከማባከን በገዛ እጁ ማቃናትን ይመርጣል። እንዲህ ያለው ገዢ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተማ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» ይላል። ባለሱቁ ግን መልሱን ከመስጠቱ በፊት «ለየትኛው መኪና ነው? የሚሠራበትስ ቦታ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ሁለቱ ጥያቄዎች ከዋጋው የሚበልጡበት ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ሐተታ ይገለጣል።

፩. ክሪክ ምን እንደ ሆነና ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ

ክሪክ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ እንደ ፍሬንና እንደ ቡሎን ሁሉ በመካኒኮቻችን አፍ ውስጥ ገብቶ ተዋሕዷል። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣው፣ በጥምዝ ዘንግ የሚሠራው መቀስ መሰል ክሪክ ነው። ሁለተኛው ቁመቱ እንደ ጠርሙስ የሆነ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያነሣው ባለ ዘይት ክሪክ ነው። ሦስተኛው በአራት ትንንሽ መንኰራኩሮች ላይ የተኛ፣ ረጅም ክንድና ረጅም መያዣ ያለው ባለ ዘይት ክሪክ ሲሆን፣ ይህ የወለል ክሪክ ተብሎ ሊጠራ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ሦስተኛው ነው።

የባለ ዘይት ክሪክ መሠረቱ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የገለጠው ሕግ ነው። ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ በእኩልነት ይተላለፋል የሚለው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ እ.ኤ.አ. በ1795 ለባለ ፈሳሽ መጭመቂያ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያም በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ደጅን እ.ኤ.አ. በ1851 በእጅ ሊወሰድ ለሚችል ባለ ፈሳሽ ክሪክ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

አሠራሩን በቁጥር ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። ሰውየው መያዣውን በ20 ኪሎ ኃይል ቢጫን፣ መያዣውም ረጅም በመሆኑ ኃይሉን 12 ጊዜ ቢያበዛው፣ በትንሹ ፒስተን ላይ የሚያርፈው 240 ኪሎ ይሆናል። የትንሹ ፒስተን ስፋት 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ ደግሞ 16 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ትልቁ ፒስተን በ3,840 ኪሎ ኃይል ይገፋል። ከዚህ ውስጥ በሰበቃና በክንዱ ርዝመት የሚቀነሰው ተቀንሶ የቀረው መኪናውን ያነሣል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ኃይል በነጻ የተገኘ አይደለም፤ ዋጋው በርቀት ይከፈላል። ትልቁ ፒስተን ጥቂት ከፍ እንዲል መያዣው ብዙ ጊዜ መውጣትና መውረድ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ታላቅ ቁም ነገር ይገኛል። መኪናው ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ የሚቆየው በጠባብ ቦታ የታሰረ ጥቂት ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያግደውም አንዲት ትንሽ ቫልቭና አንድ የጎማ ጎሚኒ ናቸው። በቫልቩ መቀመጫ ላይ የገባች የአሸዋ ቅንጣት ወይም ያረጀ ጎሚኒ ዘይቱን ሊያሳልፍ፣ መኪናውንም ሊያወርድ ይችላል። ስለ ክሪክ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

፪. የመሸከም ኃይሉን ስለ መምረጥ

በመጀመሪያ የሚታየው የቶኑ ቁጥር ነው። የወለል ክሪክ መኪናውን በሞላ ሳይሆን አንዱን ወገን ወይም አንዱን ጫፍ ብቻ ስለሚያነሣ፣ የሚያርፍበት ክብደት የመኪናው ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም ሞተራቸው ከፊት የሆኑ አውቶሞቢሎች ከክብደታቸው የሚበልጠው ክፍል በፊት እግሮቻቸው ላይ ስለ ሆነ «ግማሹ ይበቃል» ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው ሒሳብ የክሪኩ ኃይል ከመኪናው ጠቅላላ ክብደት ቢያንስ ሦስት አራተኛ እንዲሆን ነው። በዚህ ሒሳብ 1,000 ኪሎ ለሚሆን ትንሽ አውቶሞቢል የ2 ቶን ክሪክ ከበቂ በላይ ነው። 2,000 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑት ፒክአፖችና የአገር አቋራጭ መኪናዎች ግን፣ በላያቸው የተጫነውም ጭምር ስለሚታሰብ፣ የ3 ቶን ክሪክ መምረጥ ይሻላል።

እዚህ ላይ አስመጪዎች በብርቱ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ቶን የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ አይደለም። በሜትር ሥርዓት 1 ቶን 1,000 ኪሎ ነው፤ በአሜሪካ የሚሠራበት አጭሩ ቶን ግን 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ ተብሎ «3 ቶን» የተባለ ክሪክ የሚያነሣው 2,721 ኪሎ ያህል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ወደ 279 ኪሎ ይጠጋል። ትእዛዝ ሲላክና ፋክቱር ሲመረመር ኃይሉ በኪሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ሁለተኛው የሚታየው ቁመቱ ነው። ክሪኩ ፈጽሞ በወረደ ጊዜ ያለው ቁመት ከመኪናው ሥር የሚገባ፣ ፈጽሞ በወጣ ጊዜ ያለው ቁመትም ጎማውን ከመሬት የሚያላቅቅ መሆን አለበት። የተለመዱት ክሪኮች ሲወርዱ ከ13 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አላቸው፤ ለዝቅተኛ አውቶሞቢሎች የሚሠሩት ግን እስከ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላሉ። ለከፍተኛ መኪናዎች ደግሞ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ይፈለጋል። ቁመት አነሰ ብሎ በክሪኩ መቀመጫ ላይ እንጨት ወይም ድንጋይ ደርቦ ማንሣት እጅግ አደገኛ ልማድ ነው፤ የተደረበው ነገር በተንሸራተተ ጊዜ መኪናው አብሮ ይወድቃል። ባለሱቁ የደንበኛውን መኪና የሚጠይቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው የተሠራበት ብረት ነው። ከተራ ብረት የተሠራ የ3 ቶን ክሪክ 30 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ዋጋው ይቀላል፤ በአንድ ስፍራ ለሚቀመጥ ዕቃም የሚስማማ ነው። ከአልሙኒየም የተሠራው ቀላልና ለመሸከም የሚመች ሲሆን ዋጋው ይወደዳል፤ ሲወድቅና ሲጋጭም ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ክሪኩን በመኪናው ኋላ ጭኖ ለሚዞር ሰው አልሙኒየሙ፣ ግቢው ውስጥ ለሚያኖር ሰው ብረቱ ይመረጣል።

አራተኛው የሥራው ጥራት ነው። ብየዳው ያለ ክፍተት የተያያዘ፣ መንኰራኩሮቹ ያለ ማነቅ የሚዞሩ፣ ማውረጃው ቫልቭ በጥቂቱ ሲከፈት ሸክሙን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ መሆን አለበት። ከመጠን በላይ ሸክም ሲደርስበት ማንሣቱን የሚያቆም የመከላከያ ቫልቭ ያለው መሆኑም ይጠየቃል። በአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ፒ.ኤ.ኤስ.ኢ. የተባለው ደንብና በአውሮፓ የሚሠራበት ኢ.ኤን. 1494 የተባለው ደንብ ስለ ተንቀሳቃሽ ክሪኮች ብቃት የሚናገሩ ናቸው። አስመጪ ከፋብሪካው ጋር ሲጻጻፍ ዕቃው ከነዚህ ደንቦች በየትኛው መሠረት እንደ ተፈተነ በጽሑፍ ቢጠይቅ መብቱ ነው። በጽሑፍ ለመመለስ የማይፈቅድ ፋብሪካ ግን ባለመመለሱ ራሱ መልሱን ሰጥቷል።

፫. ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በከተማው የሚታዩት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በዝተዋል። ይህ ለክሪክ ነጋዴ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በባትሪው ምክንያት ተመሳሳይ መጠን ካለው የነዳጅ አውቶሞቢል ይልቅ ይከብዳል፤ ለቤተሰብ ከሚሆኑት ውስጥ 2,000 ኪሎ የሚደርሱና የሚያልፉ አሉ። ቀድሞ ለትንሽ አውቶሞቢል የበቃ ክሪክ ለእነዚህ ላይበቃ ይችላል።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ባትሪው ያለበት ስፍራ ነው። በአብዛኞቹ ባትሪው በወለሉ ሥር በሰፊው የተዘረጋ ስለ ሆነ፣ ክሪኩ በስሕተት ከባትሪው ሣጥን ሥር ከገባ ሣጥኑን ሊያጎድጉድ ይችላል። ይህም ብዙ ወጪ ከማስከተሉም በላይ የእሳት አደጋ ሊያመጣ የሚችል ጉዳት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል ፋብሪካው በመመሪያው መጽሐፍ ባሳያቸው በአራቱ የጠርዝ ነጥቦች ብቻ ማንሣት ያስፈልጋል። በክሪኩ መቀመጫ ላይ የሚደረግ፣ ለነጥቡ የተስማማ ወፍራም የጎማ ትራስም ይጠቅማል። ይህ ትራስ ዋጋው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ስለ ሆነ፣ ከክሪኩ ጋር አብሮ የሚያስመጣው ነጋዴ ደንበኛውንም ራሱንም ይጠቅማል።

፬. ክሪክ ያነሣል እንጂ አይደግፍም

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ክሪክ የተሠራው ለማንሣትና ለማውረድ እንጂ ሸክም ይዞ ለመቆየት አይደለም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው ሊገባ አይገባውም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ጥርስና መቆለፊያ ወይም ማለፊያ ብረት ባላቸው የብረት ማቆሚያዎች ላይ ቀስ ተደርጎ መውረድ አለበት። ስለዚህ ክሪክ የሚሸጥ ሱቅ ሁለት ማቆሚያዎችን አብሮ ያላቀረበ እንደ ሆነ የሸጠው ዕቃ ግማሹን ነው ማለት ይቻላል።

በማቆሚያ ፈንታ ብሎኬት መደርደር በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ፣ ግድግዳ ሆኖ ሲገነባ ክብደቱን በስፋት ተካፍሎ ይሸከማል፤ በመኪና ብረት አንድ ነጥብ ላይ ሲጫን ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ይፈረካከሳል። የተደራረበ ድንጋይም ይንሸራተታል። ከሥር ያለው ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም።

ማቆሚያውም ቢሆን በስሙ ብቻ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ አንድ ታላቅ የመሣሪያ ነጋዴ ድርጅት ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን የሆኑ፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ማቆሚያዎችን ገዢዎች እንዲመልሱ ጥሪ አደረገ። ምክንያቱም የማምረቻው መሣሪያ በማርጀቱ የአንዳንዶቹ ጥርስና መቆለፊያ በደንብ ስለማይያያዙ፣ ሸክሙ በድንገት ሊወርድ መቻሉ ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ውስጥም የብየዳ ጉድለት ያለባቸው ተገኝተው፣ በዚያው ዓመት እንደ ገና እንዲመለሱ ተጠየቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ናሙናው መልካም የነበረ ዕቃ ኋላ የሚመጣው ጭነት እንደ ናሙናው ላይሆን ይችላል። አስመጪ ከየጭነቱ ጥቂት ከፍቶ ጥርሱን፣ መቆለፊያውንና ብየዳውን ቢመረምር፣ የጭነቱን ቁጥርም በመዝገብ ቢያኖር፣ ጉድለት በተሰማ ጊዜ ዕቃው ለማን እንደ ተሸጠ ለማወቅ ይችላል።

፭. ስለ አጠቃቀሙ

የወለል ክሪክ ክንድ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ሸክሙ ሲነሣ ክሪኩ በመንኰራኩሮቹ ወደ መኪናው ጥቂት መራመድ አለበት። መንኰራኩሮቹ በአፈር ቢሰጥሙ ወይም በኮብልስቶን ንጣፍ ድንጋዮች መካከል ቢያዙ፣ ክሪኩ በመራመድ ፈንታ መቀመጫው ከመኪናው ሥር ይንሸራተታል፤ ወይም መኪናውን ይጎትታል። ስለዚህ ቦታው ጠንካራና ደልዳላ፣ ያለ ተዳፋት መሆን አለበት። ደንበኛው ስለሚሠራበት ቦታ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው፤ ግቢው በሲሚንቶ ያልተነጠፈ ሰው ለወለል ክሪክ የሚሆን ጠንካራ ስፍራ አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልገው ሊነገረው ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ በማይነሣው ወገን ባሉት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። ጎማ የሚለወጥ ከሆነ ቡሎኖቹ መኪናው ሳይነሣ በጥቂቱ ይላላሉ። ክሪኩ የሚደገፈው መመሪያው መጽሐፍ ባመለከተው የተጠናከረ ነጥብ ላይ እንጂ በሞተሩ ዘይት መያዣ ወይም በስሱ ወለል ላይ አይደለም። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ማቆሚያዎቹ ይገባሉ፤ ሸክሙ በእነርሱ ላይ ካረፈ በኋላም መኪናውን በእጅ ገፋ አድርጎ ጽኑነቱን መፈተን ይገባል። በመኪናው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ሳለ ማንሣት ክልክል ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የቸኮለ የሚለቅመውም አያገኝም።

፮. ስለ አያያዙ

ክሪክ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። የሚፈልገው ጥንቃቄም ቀላል ነው።

ዘይት፦ የሚጨመረው ለባለ ዘይት ክሪክ ተብሎ የተዘጋጀው ዘይት ሲሆን፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ አይ.ኤስ.ኦ. 22 ወይም 32 ነው። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። የሞተር ዘይትም ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ስላልሆነ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። የዘይቱ መጠን የሚታየው ክንዱ ፈጽሞ ወርዶ ሳለ ነው፤ ክንዱ ወጥቶ ሳለ የተሞላ እንደ ሆነ ሲወርድ ዘይቱ ይተርፋል፤ ጎሚኒውንም ይገፋል።

አየር፦ ክሪኩ እንደ ሰፍነግ ከለሰለሰ ወይም እስከ ጫፍ መውጣት ካቃተው አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ማውረጃውን ቫልቭ ከፍቶ መያዣውን ያለ ሸክም ብዙ ጊዜ ማውጣትና ማውረድ፣ ቀጥሎም የዘይት መሙያውን መክደኛ ከፍቶ የተጠራቀመውን አየር ማስወጣት ይበቃል።

አቧራና ዝገት፦ በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት የክሪክ ጠላቶች ናቸው። ከሥራ በኋላ ፒስተኑን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ መገጣጠሚያዎቹንና መንኰራኩሮቹን ግራሶ መቀባት፣ ክንዱንም አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ክንዱ ሳይወርድ የተቀመጠ ክሪክ ፒስተኑ ለእርጥበት ስለሚጋለጥ ይዝጋል፤ የዛገውም ፒስተን ጎሚኒውን ይፍቃል።

ምርመራ፦ ክሪኩ ሸክም ይዞ ሳለ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ፣ ዘይት ካንጠባጠበ፣ ወይም ብየዳው ከተሰነጠቀ ወዲያውኑ ከሥራ መውጣት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በጊዜው የተለወጠ አንድ ጎሚኒ ብዙ ጥፋት ይከለክላል። የመከላከያውን ቫልቭ ግን ማንም ሰው ኃይል ለመጨመር ብሎ ሊነካው አይገባም፤ እርሱ የክሪኩ ጠባቂ ነው።

፯. የነጋዴው ድርሻ

ባለ ዘይት ክሪክ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ በቁጥር 8425.42 ሥር ይገኛል፤ ጋራዥ ውስጥ ከወለል ጋር ተተክለው የሚሠሩት ማንሻዎች 8425.41፣ ባለ ጥምዝ ዘንጎቹ ደግሞ 8425.49 ናቸው። በፋክቱሩ ላይ ዓይነቱ በትክክል ካልተለየ ዕቃው በጉምሩክ መዘግየቱ አይቀርም። ሣጥኖቹም በጉዞ ላይ ተገልብጠው ከቆዩ ዘይት ሊያፈሱ ስለሚችሉ፣ ዕቃው ሲደርስ የእያንዳንዱ የዘይት መጠን ሊታይ ይገባል።

መለዋወጫ ጎሚኒ ሳያስመጡ ክሪክ ብቻ ማስመጣት ደንበኛን በመንገድ መካከል መተው ነው። ጥቂት ብር የሚያወጣ ጎሚኒ በማጣት 30 ኪሎ ብረት ሲጣል፣ ወይም ከዚያ የከፋው ሆኖ እያንጠባጠበ ሲሠራበት ይኖራል። አስመጪው ከየዓይነቱ የጎሚኒ ስብስብ፣ የክሪክ ዘይትና የጎማ ትራስ አብሮ ቢያዝዝ ንግዱ ከአንድ ጊዜ ሽያጭ ይልቅ የሚቀጥል ይሆናል።

ባለሱቁም በበኩሉ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከየዓይነቱ አንዱን ክሪክ ሸክም አስይዞ ለ15 ደቂቃ ያህል አቁሞ መውረድ አለመውረዱን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን መመሪያ ዋና ዋናውን ነጥብ በአማርኛ በአንድ ገጽ አስጽፎ ከዕቃው ጋር መስጠት ነው፤ ደንበኛው ሊያነበው የማይችለው ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና። ሦስተኛ፣ ለሸክሙ የማይበቃ ክሪክ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ እውነቱን ነግሮ መከልከል ነው።

ይህ ሦስተኛው ለጊዜው ሽያጭ የሚያስቀር ይመስላል። ነገር ግን መኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ የሚሠራው ሰው በዚያች ሰዓት የሚተማመነው በራሱ ጉልበት ሳይሆን በዘይቱ፣ በብየዳውና ዕቃውን በሸጠለት ነጋዴ ቃል ነው። ሥራውን ጨርሶ በደኅና ከወጣ ሌላውን ዕቃም ሊገዛ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል።